በሥራ ላይ ያለን የጤና ባለሙያዎች ወደ ሕክምና ትምህርት የምንገባበት ቋሚ መንገድ ይኑረን፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ሴኔት

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች በአንዱ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት የማገለግል ሴት ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሥራ ላይ ያለን ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ጤና መኮንኖች፣ የላብራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ የ12ኛ ክፍል የምስክር ወረቀት ኖረንም አልኖረንም፣ በብሔራዊ ፈተና ተወዳድረን ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የምንገባበት፣ በየዓመቱ በታወቀ ወር ማስታወቂያው የሚወጣ ቋሚ መንገድ እንዲዘረጋልን እጠይቃለሁ። የራሴ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማመልከቻ ጽፌ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባ ነበር። ነገር ግን ከሰቆጣ እስከ ከላላ፣ ከወገል ጤና እስከ መካነ ሰላም በየጤና ተቋሙ ይህንኑ ጥያቄ በልባቸው ይዘው የሚሠሩ ባልደረቦች ስላሉኝ በግልጽ መጻፉን መርጫለሁ።

የ12ኛ ክፍሉን የምስክር ወረቀት አስቀድሜ ያነሣሁት በሩን የሚዘጋው እርሱ ስለሆነ ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት አጠቃላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በ10ኛ ክፍል ይጠናቀቅ ነበር፤ ተማሪውም በብሔራዊ ፈተናው ውጤት ወይ ወደ መሰናዶ (11ኛና 12ኛ ክፍል) ወይ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ይሄድ ነበር። ያ የ10ኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ዛሬ በወሎ ጤና ጣቢያዎች ከሚሠሩት ነርሶችና አዋላጆች ብዙዎቹ ከ10ኛ ክፍል በቀጥታ ወደ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ገብተው የሠለጠኑ ናቸው። ይህን ሲሰሙ አንዳንድ ሰዎች «መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት ያልነበራቸው ናቸው» ብለው ይደመድማሉ። እውነቱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ውጤታቸው ለመሰናዶ የሚያበቃቸው ሆኖ ሳለ፣ ወላጆቻቸው ሁለት ዓመት የመሰናዶ፣ ከዚያም ሦስትና አራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቆይታ መጠበቅ ስላልቻሉ፣ ቶሎ ተምረው ቶሎ ደመወዝ የሚያገኙበትን መንገድ የመረጡ ብዙ ነበሩ። መሰናዶ ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን በየቀበሌው አልነበረም፤ ከገጠር የመጣ ልጅ በከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤቱ በየሳምንቱ እያመላለሰ መማር ነበረበት። ለሴት ልጅ ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ነበር። 10ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ብቻዋን ከተማ ተከራይታ ትቀመጥ ከማለት ይልቅ ትዳር ትያዝ የሚሉ ዘመዶች በማይጠፉበት አካባቢ፣ የኮሌጁ ምደባ ለብዙዎቻችን ትምህርቱን የማስቀጠያው ብቸኛ ምክንያት ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እናንተም ታውቁታላችሁ። ተመርቀን፣ የሙያ ብቃት ምዘና ወስደን፣ ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ድረስ ተመድበን ሠራን። አድረን ከዋልንበት ተረኝነት ወጥተን በማታ፣ በቅዳሜና እሑድና በክረምት መርሐ ግብር ደረጃችንን ወደ ዲግሪ አሻሻልን። በዚህ ዲግሪ አንድ ነርስ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ካለፈ ማስተርስ ይማራል፣ ከዚያም ሦስተኛ ዲግሪ ሊቀጥል ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህር ሆኖ ሊቀጠርም ይችላል። ወደ ሕክምና ትምህርት ለመግባት ሲጠይቅ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የተማረው ነገር ይነሣና፣ በ16 ዓመቱ መሰናዶ ገብቶ እንደሆነ ይጠየቃል። እኔም ስለ ጉዳዩ ለመረዳት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በሄድኩበት ጊዜ ያነጋገረችኝ ሠራተኛ በትሕትና ተቀብላ ካስተናገደችኝ በኋላ፣ «እህቴ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትሽን አምጪ፤ ያለ እሱ ቅጹ አይሞላም» ነበር ያለችኝ። እርሷ የተሰጣትን መመሪያ ነው የነገረችኝ። የእኔ ጥያቄም ቅጹን ለደነገጉት ነው፦ ሙሉ ዲግሪና የዓመታት የሥራ ልምድ የማይተኩት፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ብቻ የሚያሳየው ችሎታ የትኛው ነው?

የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰዱትም ቢሆኑ ሁሉም በእኩል መሬት ላይ ቆመው አልተፈተኑም። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ሲከፈት የወሎ ሰፊ ክፍል በጦርነት ውስጥ ነበር፤ በዚያ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ሳይቀሩ በጦርነቱ ሥር ወድቀው ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፣ ተማሪውም ከቤተሰቡ ጋር ተሰድዷል። የዚያ የትምህርት ዘመን መልቀቂያ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በሰላሙ ጊዜ እንኳ ለጥቂቶች ብቻ የተቻለ ውጤት ከመጠለያ ተመልሶ ለተፈተነ ልጅ ምን ያህል ሩቅ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ያ ልጅ ኋላ በግሉ ተፍጨርጭሮ በጤና ሙያ ዲግሪ ቢይዝ፣ የመውጫ ፈተናውንና የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ቢያልፍ፣ የዚያ ሳምንት ውጤት ዕድሜ ልኩን ሊከተለው አይገባም።

የምጠይቀው ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ሲጀምር፣ ሆስፒታሎችን ጨምሮ በ13 ተቋማት በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ ከመደበኛው ባጠረ ጊዜ ሐኪም እንዲሆኑ አስተምሯል። በዚያ በር የገቡ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መምህራን ዛሬ በየሆስፒታሉ ሐኪሞች ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል በልዩ ሙያ የሠለጠኑም አሉ። መርሐ ግብሩ ችግር አልነበረበትም አልልም። በችኮላ ተስፋፍቷል፤ የመሠረታዊ ሕክምና ሳይንስ መምህራን፣ የቤተ ሙከራና የመማሪያ መጻሕፍት እጥረት ነበረበት፤ ተማሪዎቹም ይህንን በየጊዜው አንሥተዋል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የዝግጅት ጉድለቶች ናቸው፤ ገቢዎቹ ዲግሪ የያዙና በዕድሜ የበሰሉ ስለነበሩ የመጡ ችግሮች አይደሉም። ችግሩ በዝግጅት ከነበረ መስተካከል ያለበት ዝግጅቱ ነው። እኔና ባልደረቦቼ ግን ይኸው መንገድ በየትኛው ዓመት ተከፍቶ በየትኛው እንደሚዘጋ አስቀድሞ የሚነግረን አላገኘንም፤ ስለዚህ ለፈተና መዘጋጀት እንኳ የምንችለው በወሬ ነው።

ከዚያም ራቅ ብለን ብንሄድ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ያሠለጥን የነበረው ሐኪም በሌለበት አገር የሐኪሙን ሥራ የሚሸከም ሰው ስለታጣ ነው፤ ከእነዚያ ጤና መኮንኖች መካከልም ኋላ የሕክምና ትምህርት ተከታትለው ታዋቂ ሐኪሞች የሆኑ ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ጤና መኮንኖች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በወሊድ ሕክምና በማስተርስ ደረጃ እንዲሠለጥኑ ተደርጎ፣ ዛሬ በገጠር ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምና የሚያዋልዱት እነርሱ ናቸው። አንድ ጤና መኮንን ሠልጥኖ የእናት ሆድ ከፍቶ ሕፃን ማውጣት ይችላል ብሎ ያመነ መንግሥት፣ ያው ሰው የሕክምና ዶክትሬት ትምህርት ተምሮ ሊጨርስ ይችላል ብሎ ማመን አይከብደውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ዘመናዊ ሕክምና የተማሩት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ ከዚህ ከእኛው አገር ከመቅደላ አምባ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ ሠራዊት ወደ ሕንድ ተወስደው፣ በላሆር ነው ሕክምና የተማሩት። አገራችን የመጀመሪያውን ሐኪሟን ያገኘችው ማንም ባላሰበው መንገድ ነው።

አሁን በጉዳዩ ላይ ከሚነሡት መከራከሪያዎች እጅግ የምፈራውንና እጅግ የማከብረውን ላንሣ። «ተመርቀው ሥራ ያጡ ጠቅላላ ሐኪሞች ባሉበት አገር ሌላ ሐኪም ማሠልጠን ምን ይረባል?» ይባላል። እውነት ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወጣት ሐኪሞች ተመርቀው ምደባ አጥተው ሲንከራተቱ እናያለን፤ ሥራ ላይ ያሉትም ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ያነሡት ጥያቄ ገና ከአእምሯችን አልጠፋም። እኔ የእነርሱን ቦታ ልሻማ አልመጣሁም። ነገር ግን በአንድ ወገን ሥራ ያጣ ሐኪም፣ በሌላ ወገን ሐኪም ያጣ ሆስፒታል በአንድ አገር መኖራቸው የሚያሳየው የሐኪም መብዛትን ሳይሆን የበጀትና የምደባ ችግርን፣ እንዲሁም ሐኪሙ ወደ ገጠር ሄዶ የማይቆይበትን ሁኔታ ነው። በእኛ ሆስፒታል ወጣት ሐኪሞች ይመጣሉ፤ በትጋት ይሠራሉ፤ ከዚያም ለስፔሻሊቲ ወይም ለተሻለ ኑሮ ይሄዳሉ። አልወቅሳቸውም። እነርሱ ከሄዱ በኋላ ግን ሌሊት ደም የሚፈስሳትን ወላድ የምንቀበለው፣ መድኃኒት ሰጥተን፣ ማህፀኗን ጨብጠን፣ አምቡላንስ ጠርተን ወደ ደሴ የምንሸኛት እኛ ነን። መንገዱ ረጅም ነው፤ በክረምት ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል። በመንገዱ ላይ አብራን የምትሄደው አዋላጅ ማድረግ ያለባትን ታውቃለች፤ ነገር ግን ማድረግ የተፈቀደላትና የተማረችው እስከተወሰነ ድረስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣውና በ2021 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የገጠር ጤና ባለሙያዎችን የማቆየት ምክረ ሐሳብ፣ በቀዳሚነት ካስቀመጣቸው ነጥቦች አንዱ ተማሪዎችን ከገጠር መልምሎ ማስተማር ነው፤ ገጠር ያደገ ሰው ተመርቆ ወደ ገጠር የመመለሱ ዕድል ከፍ ያለ ስለሆነ። እኛ ደግሞ ገጠር ማደግ ብቻ ሳይሆን በገጠር ቤት ሠርተናል፣ ልጅ ወልደናል፣ ዕድርና ዕቁብ ገብተናል፣ ቅዳሜ ገበያ ወጥተን ትናንት ያከምናቸውን ሰዎች እናገኛለን። ሥራ ያጡት ወጣቶች ሥራ እንዲያገኙ መንግሥት በጀት ይመድብ፤ ከዚያ ጎን ለጎን፣ ተምሮ ወደ ነበረበት ሆስፒታል እንደሚመለስ ውል የገባ፣ መደቡም አስቀድሞ የተያዘለት ባለሙያ ቢሠለጥን፣ የማንንም ቦታ አይወስድም።

ሌላው ሥጋት ነርሶች ሁሉ ሐኪም መሆን ከፈለጉ ነርስነት ባዶ ይቀራል የሚለው ነው። ይህ ሥጋት የሚመነጨው ነርስነትን የሐኪምነት የታችኛው ደረጃ አድርጎ ከማየት ነው፤ እኔ ግን እንዲያ አላየውም። ነርስነት በራሱ ሙሉ ሙያ ነው፤ ከማውቃቸው እጅግ ብልህ ባልደረቦች አብዛኞቹ ሐኪም መሆን አይሹም፤ መሻሻል ያለበትም የራሳቸው ሙያ ዕድገትና ጥቅም ነው። የምጠይቀው ለጥቂቶች፣ በኮታ ለተወሰነና ከእያንዳንዱ ተቋም የሚወጣው ሰው ብዛት ተቆጥሮ ለሚታወቅ ዕድል ነው።

ስለ ፈተናው አጥብቄ የምናገረው፣ እንዲቀልልን አለመጠየቃችንን ነው። የሕክምና ትምህርት ለማንም ሲባል አይቅለል። አናቶሚውን፣ ፊዚዮሎጂውን፣ ባዮኬሚስትሪውን «ይህን በነርሲንግ ተምረነዋል» ብለን እንድንዘልለው አልፈልግም፤ ሌሊት በእጃችን የሚወድቀው የሰው ሕይወት ነውና። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይሰጣል፤ ለድኅረ ምረቃም ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ተዘርግቷል። ይህን ፈተና የማዘጋጀት፣ በኮምፒውተር የመስጠትና ውጤቱን ያለ አማላጅ የመግለጽ ልምድ ከተገኘ፣ ለሕክምና ገቢዎችም ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና የማመዛዘን ችሎታ የሚመዝን አንድ ፈተና ማዘጋጀት ይቻላል። ከፈተናው በኋላ የሥራ ልምድና ከተቋሙ የሚገኝ ማስረጃ ቢታይ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የአለቃ ደብዳቤ ዋናው መመዘኛ እንዲሆን አልመክርም፤ ምክንያቱ ለማናችንም ስውር አይደለም። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1969 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የሳይንስ ትምህርት ያልነበራቸውን ሰዎች ጭምር ተቀብሎ ሐኪም አድርጓል፤ እኛ የምንጠይቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለ ዕድሜ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በ34 ዓመቱ የገባ ሰው በ40 ዓመቱ ገደማ ይጨርሳል፤ የጡረታ ዕድሜ 60 ነውና ሃያ ዓመት ያገለግላል።

የሚከብደው ኑሮው ነው። ቤተሰብ የምናስተዳድር ሰዎች ስድስት ዓመት ያለ ደመወዝ መማር አንችልም። ስለዚህ ወደዚህ መንገድ የሚገቡ ባለሙያዎች እንደ ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች የትምህርት ፈቃድና የደመወዝ ክፍያ ውል እንዲያገኙ፣ በምላሹም የተማሩበትን ዘመን ያህል በላካቸው ዞን እንዲያገለግሉ ግዴታ እንዲፈርሙ ቢደረግ ፍትሐዊ ነው። የመልቀቂያ ጉዳይም ይታይ። ብዙ ባልደረቦች ፈተና አልፈው ሳለ ተቋማቸው «ሰው የለንም» ብሎ መልቀቂያ ሲከለክላቸው ዕድሉ ያመልጣቸዋል፤ ኮታው ለዞን የሚሰጥ ከሆነና ምትኩን የመመደብ ኃላፊነት አስቀድሞ የዞኑ ጤና መምሪያ ከሆነ፣ ነርሷና የቅርብ አለቃዋ በአንድ ወረቀት ምክንያት አይጣሉም። ሴቶችን በተመለከተ፣ እርግዝናና ወሊድ የዓመት መድገሚያ ሳይሆን የፈቃድ ጉዳይ መሆኑ ከመጀመሪያው በመመሪያው ውስጥ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ኋላ በየመምህሩ መልካም ፈቃድ ላይ ይወድቃል።

ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ሴኔት የምለው ለብቻው ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ ደሴ ላይ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለው፤ በአጠገቡ የደሴ ሆስፒታል፣ ትንሽ ራቅ ብሎም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አሉ። በጦርነቱ የደረሰባችሁን ዝርፊያና ውድመት አይተናል፤ ከዚያ ተነሥታችሁ ማስተማራችሁንም እናከብራለን። የመግቢያው ሥልጣን በሙሉ በእጃችሁ እንዳልሆነ ባውቅም፣ ከአዲስ አበባ መመሪያ ሳትጠብቁ ልትጀምሩት የምትችሉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በክረምት ወራት፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል ላልተማሩ የጤና ባለሙያዎች የመሠረታዊ ሳይንስ ማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት ነው። ክፍያ ቢኖረው እንኳ እንከፍላለን። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ያልነካ ሰው በብሔራዊ ፈተና ከመደበኛው ተማሪ ጋር እኩል ለመቆም የሚያስፈልገው መጽሐፍ፣ መምህርና ጊዜ ነው፤ ይህን ደግሞ ከወሎ ተቋማት ሁሉ ከእናንተ የተሻለ ሊሰጥ የሚችል የለም።

ለሁለቱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ጥያቄዬን በሥራ ቋንቋ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ በጤና ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው የ12ኛ ክፍል የምስክር ወረቀት ሳይጠየቅ ለሕክምና ትምህርት መወዳደር እንዲችል የመግቢያ መመሪያው ይሻሻል። ሁለተኛ፣ የኮታው መጠን፣ የፈተናው ይዘትና የምዝገባው ወር በየዓመቱ ከፈተናው ቢያንስ ስድስት ወር አስቀድሞ ይገለጽ። በምሠራበት ወረዳ ኢንተርኔት ሲኖር ይኖራል ሲጠፋም ይጠፋልና፣ ማስታወቂያው በድረ ገጽ ብቻ ሳይወሰን በየዞኑ ጤና መምሪያ በኩል በየጤና ተቋሙ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ጥያቄው ተቀባይነት የማያገኝ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልን፤ ምክንያቱን ካወቅን ልናሟላው የምንችለውን እናሟላለን፤ የማንችለውንም አውቀን ጊዜያችንን ለማስተርስ ወይም ለሌላ ትምህርት እናውላለን። መልሳችሁን ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ምዝገባ በፊት በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
በደቡብ ወሎ ዞን በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ